ከዓይን ቢርቁም ከልብ እንዳይርቁ

ውድ አንባቢያችን፣ በቤትዎ ውስጥ በቡፌው መሳቢያ፣ በቁም ሣጥኑ ላይ ወይም ከአልጋ ሥር በተቀመጠው ሻንጣ ውስጥ አንድ የፎቶግራፍ አልበም አይታጣም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያ አልበም ይወጣል። «ይቺ ማን ናት? ይኼስ የማን ልጅ ነው?» እየተባለ ገጹ ይገለጣል። አንዱ ጥያቄ ሌላውን ይወልዳል። በረካው ሲደርስ እንግዳው የቤቱን ታሪክ ግማሹን አውቆታል።

ታዲያ ያ እንግዳ ሊመጣ በማይችልበት ጊዜ አልበሙ ምን ይሠራል? «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይባላል። ይህ አባባል እውነት እንዳይሆን ለማድረግ እናት ከልጇ፣ እህት ከእህቷ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በፎቶግራፍ አማካይነት እንዴት ሊገናኙ ይችላሉ? በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሳልዎ የወደድነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

የ2012ቱን ዓመት እናስታውስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ትላልቅ ስብሰባዎች እንዲቀሩ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥም እንዲሁ። ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግሞ ሳይሳሳም ሰላምታ የሰጠ ለማይመስለው፣ ለቅሶ ደርሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀመጥ ያጽናና ለማይመስለው ሕዝባችን ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር እርስዎም አይዘነጉትም። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙው ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ነው ያሳለፈው። ግንቦት 16 ቀን የዋለው የዒድ አልፈጥር ሶላትም በየቤቱ ተሰገደ።

ያ ጊዜ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው ያስከተለው ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የተማረው ትምህርት ዛሬም የሚጠቅም ነው። ምክንያቱም መለያየት በወረርሽኝ ብቻ አይመጣም። ልጅ ለሥራ ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች። አረጋዊት እናት የኖሩበት ሰፈር ፈርሶ፣ ጎረቤት ተበታትኖ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ከገዛ ልጆቿ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በወጉ ትገናኛለች።

አንዲት ነርስ ያጫወቱን

በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ የሁለት ልጆች እናት የሆኑ ነርስ የሚከተለውን አጫውተውናል። ነርሷ የሚኖሩት ጀሞ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የ71 ዓመት አረጋዊት የነበሩት እናታቸው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት ነርሷ እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው እናታቸውን ሳይጠይቁ አይቀሩም ነበር። በሽታው በገባ ጊዜ ግን ይህ ቀረ።

«ሕመምተኛ ነክቼ የምውል ሰው ነኝ። በእጄ ሞት ይዤላት እንዳልሄድ ፈራሁ። አስቤዛ በሰው እልካለሁ እንጂ ደጃፏን ከረገጥሁ ሦስት ወር አለፈኝ» ይላሉ ነርሷ።

እናትየው ያላቸው ስልክ ለመደወል ብቻ የሚያገለግል ነበር። ነገር ግን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንደሚባለው፣ የጎረቤታቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ፎቶግራፍ የሚቀበል ስልክ ነበራት። ማታ ማታ ስልኩን በአልኮል ወልውላ በመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥላቸውና ራቅ ብላ ትቆማለች። እናትየው መነጽራቸውን አድርገው ይመለከታሉ።

በመጀመሪያ ነርሷ ይልኩላቸው የነበረው ልጆቹን ጥሩ ልብስ አልብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ከግድግዳ አጠገብ አቁመው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ነበር። እናትየው «እሰይ፣ ተመስገን፣ አምሮባችኋል» ይሉና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከቀን ወደ ቀን በስልክ የሚናገሩት እያነሰ ሄደ። ምግብም እየተዉ መምጣታቸውን የጎረቤቲቱ ልጅ ተናገረች። ነርሷን ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። በሥራቸው ብዙ አረጋውያንን አይተዋልና፣ ሰው ከበሽታ ተጠብቆ በብቸኝነት ሊጎዳ እንደሚችል ያውቃሉ።

በትንሣኤ ዋዜማ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። የነርሷ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ በእናቱ ስልክ ሲጫወት በምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት አንስቶ ላከው። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«ይኼ ሽንኩርት መች በሰለና ነው ቅቤ የጨመራችሁበት? ማን ነው የቸኮለው?»

ነርሷ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ዶሮ ወጡ በስልክ ትእዛዝ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። እናትየው በዚያ ምሽት እሳቸውም ተነሥተው ለራሳቸው ትንሽ ነገር ጣዱ።

«ያን ጊዜ ገባኝ» ይላሉ ነርሷ። «ለካ እናቴ የናፈቃት የልጆቹ መልክ ብቻ አይደለም። የምታርመው፣ የምትቆጣው፣ የምትጠየቀው ነገር ነው የናፈቃት። ከግድግዳ አጠገብ የቆመ ልጅ ምንም አይጠይቃትም። ያልበሰለ ሽንኩርት ግን ይጠይቃታል።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ መላክ ጀመሩ። አንድ ቀን ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ፣ አንድ ቀን በጣሳ የተተከለ ጤናዳም፣ አንድ ቀን የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ራሷ የሠራችው ሹሩባ ተላከ። በእያንዳንዱም ሥር አንድ ጥያቄ ይጻፋል፤ «እማዬ፣ ይኼ ጤናዳም ለምን ቢጫ ሆነ?» የሚል ዓይነት። የጎረቤቲቱ ልጅ ጥያቄውን ታነብላቸዋለች፤ መልሱንም ጽፋ ትልክላቸዋለች።

በፖስታ የተመለሰው ፎቶግራፍ

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ በተፈጠረው ሁከት ምክንያት የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። መቋረጡም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። የመስኮቱ ደፍ ባዶ ሆነ። ነርሷ ግን አንድ ዘዴ አገኙ። ከሆስፒታሉ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄደው አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች አሳተሙ፤ በፖስታ አሽገውም ሽሮ ሜዳ በሚኖሩ የሥራ ባልደረባቸው እጅ ላኩላቸው።

በማግስቱ ያው ፖስታ ተመልሶ መጣ። በውስጡ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበር። ሦስት ወጣት ሴቶች የአበባ ሥዕል ባለበት መጋረጃ ፊት ቆመዋል። በጀርባው «ለማስታወሻ፣ 1961 ዓ.ም.» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ነርሷ ያንን ፎቶግራፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ በእናታቸው አልበም ውስጥ ያውቁታል። አንድም ቀን ግን ጠይቀው አያውቁም። በስተቀኝ ያለችው እናታቸው ናቸው። በስተግራ ያለችው በወጣትነቷ የሞተች አክስታቸው ናት። ደውለው «እማዬ፣ መኻል ላይ ያለችው ማን ናት?» አሉ።

እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም ተናገሩ። ያቺ ሴት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብራቸው የሠራች፣ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የኖሩ ጓደኛቸው ናት። ነርሷ በተወለዱ ጊዜ እናታቸውን ያረሰቻቸው እሷ ናት። ገንፎውን አገንፍታ፣ ሕፃኗን አጥባ፣ ከዚያ ለሌሊት ፈረቃ ትሄድ ነበር። በኋላ በዕቁብ ገንዘብ ተጣሉ። ሽማግሌ መኻል ሳይገባ ቀረ፤ ሰፈርም ተለዋወጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተነጋግረው አያውቁም። «በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም» አሉ እናትየው።

የኢንተርኔቱ አገልግሎት ሲመለስ ነርሷ ያንን ፎቶግራፍ በስልካቸው አንስተው ለዘመድ፣ ለማኅበር ጓደኛና በዚያው ፋብሪካ ለሠሩ ሰዎች ልጆች ላኩ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆየ ኮልፌ ከሚኖር አንድ ወጣት መልስ መጣ። «አክስቴ ናት፤ ደህና ናት» ይላል። ከመልሱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ተልኮ ነበር። ያው ሦስት ሴቶች የቆሙበት፣ ከዚያው ፎቶ ቤት የወጣ ሌላ ቅጂ ነው። ጀርባውም ተነሥቶ ተልኳል፤ የሦስቱም ስም እስከ አባታቸው በእርሳስ ተጽፎበታል።

ሁለቱ አሮጊቶች በመስከረም 2013 ዓ.ም. ተገናኙ። በደጃፍ ላይ በሁለት ወንበር ተራርቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ነበር የተቀመጡት። ከፊታቸው የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። ስለ ዕቁቡ ማንም አላነሳም ይላሉ ነርሷ። እናትየው በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ ያቺ ጓደኛቸው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ። «ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ፣ ያረሰችኝን ሴት ብታልፍብኝ እንኳ አላውቃትም ነበር» ብለው ነርሷ አጫወቱን።

ፎቶግራፍ ያለ ወሬ

ውድ አንባቢያችን፣ ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም፤ በፎቶግራፉ ላይ የሚነሳው ጨዋታ ነው። ስዕሉ ተልኮ ጥያቄና መልስ ካልተከተለው መልክ ታየ እንጂ ሰው አልተገናኘም።

በሌላም አገር የታየው ይኸው ነው። በዚያው በ2012 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ የተባለው የሥዕል ቤት፣ ሕዝቡ በየቤቱ ተዘግቶ ሳለ ያነሳውን ፎቶግራፍ እንዲልክለት ጥሪ አድርጎ ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ 31,598 ፎቶግራፎች ደረሱት። ከእነዚህም 100 ያህሉ ተመርጠው በኢንተርኔትና በየከተማው በአደባባይ ለሕዝብ ታዩ። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ላኪዎቹ ከፎቶግራፉ ጋር አጭር ታሪኩንም ጽፈው እንዲልኩ መጠየቃቸው ነው። ከተመረጡት አንዱ አንዲት ነርስ የሥራ ባልደረባዋን በሕክምና ልብሷ እንዳለች ያነሳቻት ሲሆን፣ በኋላ በማንችስተር ከተማ በግድግዳ ላይ ተልቆ ተሥሏል።

ለእኛም ነገሩ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሙያ ከተስፋፋባቸው ቤቶች አንዱ የአርመን ተወላጁ የቤድሮስ ቦያጂያን ቤት ነው። ቤድሮስ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰዋል። ፎቶ ቤት መሄድ ለተራው ከተሜ ሲዳረስም፣ ፎቶግራፉን ከኋላው «ለማስታወሻ» ብሎ ጽፎ ለወዳጅ መስጠት የታወቀ ልማድ ሆነ። ክፍለ ሀገር የተመደበ መምህር ለእጮኛው፣ ውጭ አገር የሄደ ተማሪ ለእናቱ በፖስታ ይልክ ነበር። ከፎቶግራፉ ጋር ግን ደብዳቤ ሳይኖር አይቀርም። ዛሬ ፎቶግራፉ በዝቶ የቀረው ደብዳቤው ነው።

ደብዳቤው ሲቀር ደግሞ ፎቶግራፍ ሊያታልል ይችላል። ልጃቸው ቤሩት ወይም ጂዳ ለቤት ሠራተኛነት የሄደችባቸው እናቶች ይህን ያውቁታል። ልጅቱ በአሠሪዋ ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ ፈገግ ብላ የተነሳችው ፎቶግራፍ ይመጣል። እናት ለጎረቤት ታሳያለች። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አሠሪዎቻቸው ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አምጥተው የጣሏቸው እህቶቻችን ብዙዎቹ ለቤታቸው እንዲህ ያለ የደስታ ፎቶግራፍ ሳይልኩ አልቀሩም። ስለዚህ ልጅዎ ፎቶግራፍ ስትልክልዎ «አምሮብሻል» ብለው ብቻ አይተዉት። «የምትተኚበትን ክፍል አሳዪኝ፤ ዛሬ ምን በላሽ? እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የእናት ዓይን ከፈገግታው ባሻገር ያያልና።

እርስዎም ይሞክሩት

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ምክሮች ብዙ ወጪ የማይጠይቁና በማንኛውም ቤት ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶግራፍ ከመበተን ለአንድ ሰው አንድ ይላኩ። ተቀባዩ ለእሱ ተብሎ የታሰበ መሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛ፣ የበዓል ልብስ ብቻ አይላኩ። የተቃጠለውን ሽሮ፣ የልጁን የወለቀ ጥርስ፣ ደጅ ላይ ያበበውን አደይ ይላኩ። በሥሩም አንድ ጥያቄ ይጨምሩበት።

ሦስተኛ፣ ስልክ የሌላቸውን አይርሱ። አንድ ፎቶግራፍ አሳትሞ በሰው እጅ መላክ ዛሬም ይቻላል። በእጅ የሚያዝ ፎቶግራፍ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም ይታያል።

አራተኛ፣ ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ። ለዚህ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። እስክሪብቶ ወደ ፊት ገጽ ሊያልፍ ወይም ወረቀቱን ሊሰረጉድ ይችላል። የሚጽፉትም ወረቀቱን በጠንካራ ነገር ላይ አስተኝተው፣ ሳይጫኑ ይሁን።

አምስተኛ፣ አሮጌ ፎቶግራፎችን ከፀሐይ ብርሃንና ከእርጥበት ይጠብቁ። ገጹ ሙጫ ባለው፣ በላዩ ላይ ፕላስቲክ በሚለበጥ አልበም ውስጥ የተቀመጡ ፎቶግራፎች በጊዜ ብዛት ይበላሻሉ፤ ለማውጣትም ያስቸግራሉ። ስለዚህ ከመጣበቃቸው በፊት በጥንቃቄ ቢያወጧቸው ይመረጣል። ተጣብቀው እንቢ ካሉ ግን በግድ አይንቀሏቸው፤ እዚያው እንዳሉ በስልክ ያንሷቸው። የተነሳውንም በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም።

ስድስተኛ፣ የሰውን ክብር ይጠብቁ። የታመመ ሰው፣ ያዘነ ሰው ሳይፈቅድ አይነሳ። የልጆች ፎቶግራፍ ለአያትና ለአክስት ይላክ እንጂ የትምህርት ቤታቸው ስም ከሚታይበት ዩኒፎርም ጋር ለማያውቁት ሁሉ በሚታይበት ቦታ አይለጠፍ።

ሰባተኛ፣ ልጆችዎ አያታቸውን እንዲጠይቁ ያድርጉ። አዋቂ «ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል» ብሎ የሚዘለውን ልጅ ደፍሮ ይጠይቃል። አያትም ለልጅ የሚነግሩትን ለራሳቸው ልጅ የማይነግሩበት ጊዜ አለ።

ውድ አንባቢያችን፣ በሚመጣው እሑድ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያንን አልበም ያውጡት። ስሙን የማያውቁት አንድ ሰው ያለበትን ፎቶግራፍ ይምረጡና በስልክዎ አንስተው በቤተሰብዎ ውስጥ በዕድሜ ለገፉት ሰው ይላኩ። ስልክ ከሌላቸው አሳትመው በፖስታ ይላኩ። ከኋላውም አንድ መስመር ይጻፉበት፤ «ይህች ማን ናት?» የሚል። መልሱን የሚያውቁት ሰው ዛሬ አሉ። ነገ ስለመኖራቸው ግን ዋስትና የለንምና ለሌላ እሑድ አያሳድሩት።